የእፉኝቷን ፈገግታ ላልነካብን ሰው

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች። ለአንድ ታፔላ ሠሪ ምስጋና አለኝ፣ ለእናንተም ጥቆማ አለኝ። ትንሽ ይረዝማልና ቻሉኝ።

ቤታችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ባለፈው ክረምት ማድቤታችን እባብ ገባ። ጎረቤት ተጠራርቶ በድንጋይ ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ማታ ለሽንት ብቻዬን አልወጣም አለ። አንድ የምናውቃቸው የባዮሎጂ አስተማሪ ፎቶውን አይተው "ይሄማ የቤት እባብ ነው፤ አይጥ ነው የሚበላው፣ መርዝ የለውም" አሉን። ልጄ ብሶበት አለቀሰ። "ታዲያ ለምን ገደልነው?"

ካርቶን ላይ የሠራነው ጨዋታ የተጀመረው በዚህ ነው። እባብና መሰላልን ታውቁት የለ? የኛ ግን እባብ ሁሉ ወደ ታች አያወርድም። የቤት እባብ ላይ ካረፍክ ሦስት ቤት ትወጣለህ። እንቁላል በሊታው እባብ ላይም እንደዚያው፤ እሱ ምስኪን ጥርስ እንኳ የለውም ማለት ይቻላል። ኮብራና እፉኝት ላይ ግን ካርድ ይሳባል። "ተነደፍክ፣ በገመድ ጥፍር አድርገህ አሰርክ" ከወጣ አሥር ቤት ወደ ኋላ። "በምላጭ በጣህ" ከወጣ ከአንድ ጀምር። "እግርህን ሳታንቀሳቅስ በቶሎ ሆስፒታል ደረስክ" ከሆነ ዳይሱን ሁለቴ ትወረውራለህ። ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው። የሰፈር ልጆች አበዱለት። ካርቶኑ በሁለት ሳምንት ተበጣጠሰ።

"እናሳትመው" አልኩ። ምነው ባላልኩ!

የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት ቀብድ ተቀበለና "ነገ ነይ" ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ ነይ። የባጃጁ ብቻ ስንት ሆነ! በመጨረሻ "ፋይሉ ጠፍቷል" አሉኝ። ቀብዴም አብሮ ጠፋ መሰለኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

ሁለተኛው ባሰ። ልጄ በከለር የሳላት እፉኝት አለች፤ ልጆቿን ዙሪያዋን ሰብስባ ፈገግ ያለች። የእፉኝት ልጅ የእናቱን ሆድ ቀዶ ይወጣል ሲባል አይደል ያደግነው? አስተማሪው ግን ፓፍ አደር የሚባለው ወፍራሙ እፉኝት እንቁላል አይጥልም፣ ልጆቹን ይወልዳል፣ እናትየዋም አትሞትም አሉት። ልጄ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ምን እንዳሰበ ገባኝ። ፈገግ ያደረጋት ለዚህ ነው።

የዚያ ቤት ዲዛይነር ልጁ ፊት ሳቀ። "ይሄማ ትል ነው" አለ። ከኢንተርኔት አውርዶ በቦታዋ አናኮንዳ አስገባባት። አናኮንዳ! ሀዋሳ! የደቡብ አሜሪካ እባብ ከኛ ማድቤት ምን አገናኘው? ልጄ ቤት እስክንገባ ትንፍሽ አላለም። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

ከዚያ ነው አንዲት ጓደኛዬ አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ታፔላ ሠሪ የላከችኝ። ጠባብ ቤት ናት፤ ወረፋ ነበር። ሰውየው ወንበር ስቦ ልጄን አስቀመጠው። እኔን አላናገረኝም። "እሺ አለቃ፣ ባለ ሥራው አንተ ነህ። ይቺ ማናት?" አለው። ልጄ በሹክሹክታ ጀመረ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከኋላ ሰው ቆሟል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ እሱ ይሰማል። ሲጨርስ "ይቺንማ አልነካትም። ማን አባቱ ነው ፈገግታዋን የሚያጠፋው?" አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልዋሽም።

ስለ ወረቀቱና ስለ ቀለሙ ብዙ አስረድቶኛል፤ አንዱንም አልያዝኩትም። የገባኝ አንድ ነገር ነው። በምሳ ሰዓት ከረዳቱ ጋር ቁጭ ብሎ ተጫውቶታል! ከዚያ ደወለልኝ፦ "እህቴ፣ 47 ቁጥር ሁለት ቦታ አለ፣ 48 የለም።" እኔ አላየሁት፣ ልጄ አላየው፣ ሁለቱ ማተሚያ ቤቶች አላዩት።

ባለው ቀን፣ ባለው ሰዓት ሰጠን። ከተስማማነው አንድ ብር አልጨመረም። እፉኝቷን ለብቻዋ ላሚኔት አድርጎ ለልጄ ሸለመው። አልጋው አጠገብ ተለጥፋለች። ማታ አሁን ይወጣል፤ ጫማ አድርጎ፣ ባትሪ ይዞ፤ ካርዱ እንደዚያ ስለሚል።

ታፔላ ያላችሁ፣ የሠርግ ካርድ ያላችሁ፣ የትምህርት ቤት ሥራ ያላችሁ፣ እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሱ ጋ ሂዱ። ስልኩን ሳላስፈቅደው አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ። ስትሄዱም "የእፉኝቷ ልጅ እናት ልካን ነው" በሉት። ያውቀኛል።