ፒክአፕን ከኋላ ከፍ ለማድረግ፦ ቅጠል መጨመር ወይስ ብሎክ?

ሃይሉክስን የመሰለ ባለ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ያሉት ስፕሪንግ) ፒክአፕ ከኋላ ከፍ ከተደረገ በኋላ «እንደ ጋሪ ያነጥራል» ከተባለ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን ከፍ እንዳለ ነው።

ቅጠል ተጨምሮበት ከሆነ መድረቁ አይገርምም። ባሌስትራው ራሱ ጠንክሯልና ባዶውን ሲሄድ ጉድጓዱን ሁሉ ወንበር ድረስ ያመጣዋል። አጭርና ወፍራም ቅጠል ደግሞ ከረጅሙና ከቀጭኑ ይብሳል። ሲሚንቶ ለሚጭን ግን ይኸው ድርቀት ጥቅም ነው፤ ኋላው አይቀመጥም።

ብሎክ የሚባለው ቁራጭ ብረት በአክስሉና (የኋላ ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ) በባሌስትራው መካከል ስለሚገባ የባሌስትራውን ጥንካሬ አይነካም። ጣጣው ሌላ ነው፦ ብሎኩ በረዘመ ቁጥር ነዳጅ ሲሰጠውና ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ባሌስትራውን ይጠመዝዘዋል፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልትም ረዘም ያለ መሆን አለበት። ብሎክ በብሎክ ላይ መደራረብማ አይሞከርም።

ታዲያ ብሎክ ገብቶም ከደረቀ? ንጥረቱን የሚያበርደውን ሾክ አብዞርበር እዩት። የድሮው ካልተቀየረ፣ መኪናው ገና ቆሞ ሳለ ሾኩ ተወጥሮ ሊያልቅ ይችላል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ «ጓ» የሚለው እሱ ነው። የባሌስትራው ጫፍና ጫፍ ብሎኖችም መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሳለ ጠብቀው ከሆነ ቡሺንጎቹ (በብሎኖቹ ዙሪያ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች) እንደተጠመዘዙ ይቀራሉ። አላልቶ፣ መኪናውን በጎማው አቁሞ እንደገና ማጥበቅ ነው። የጎማውን ንፋስም ማስለካት አይረሳ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው።

ለከተማና ለቤተሰብ ከሆነ እኔ አጠር ያለ ብሎክ ከረጅም ሾክ ጋር እመርጣለሁ፤ ለጭነት ረጅም ቅጠል።