ስፒናው የሚቀያየረው ቻርጀሬ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ባለ 65 ዋት ቻርጀር ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነው። ላፕቶፔ፣ ስልኬና ፓወር ባንኬ የሚሞሉት በሱ ነው። ስፒናው ይቀያየራል። ባሕር ዳር ባለ ሁለት ክብ እግሩን፣ ናይሮቢና ዱባይ ለሥራ ስሄድ ጠፍጣፋውን ባለ ሦስት እግር እገጥምለታለሁ።

እንድገዛው ያደረገኝ የእህቴ ፔስትራ ነው። ከአሜሪካ ለሠርግ መጥታ ሽምብጥ ቤታችን ሰካችው። አዳፕተር ስላላት ችግር የለም ብለን ነበር። ወዲያው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ። ጀርባውን ስናይ 120 ቮልት ብቻ ይላል። የኛ 220 ነው። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። የሚያሞቅ ዕቃ ደግሞ ለ120 ተሠርቶ 220 ሲገባበት ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። እጇን ስላላቃጠላት እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ወዲህ ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳላነብ ምንም አልሰካም። የዚህ ቻርጀር «ኢንፑት 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ይላል። እንዲህ ከተባለ አሜሪካም እዚህም ይሠራል። የዛሬ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ካውያና የፀጉር ዕቃ ላይ ግን ተጠንቀቁ።

ቤት ውስጥ ወድጄዋለሁ። ማታ መብራቱ ደክሞ አምፖሉ ሲደበዝዝ እንኳ መሙላቱን አያቆምም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን አላምነውም። ከ240 በላይ ዘሎ ለሚመጣ ኃይል አልተሠራማ። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ እነቅለዋለሁ፤ ከመጣም በኋላ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ።

ላፕቶፕ ሲሞላ ይግላል። አልጋ ላይ ወይም ትራስ ሥር አስቀምጬው አላውቅም፣ እናንተም አታስቀምጡ። አንዴ ዘጌ ስንሻገር ውሃ ተረጭቶበት ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ አድርቄ ነው የሰካሁት።

ትልቁ ቅሬታዬ ስፒናው ላይ ነው። በአምስተኛው ወር ባለ ሦስት እግሩ ላላ። ናይሮቢ ያረፍኩበት ክፍል ውስጥ ስሰካው ብልጭ አለ፣ ቀስ ብዬ ማጥፊያውን ከግድግዳው ላይ አጥፍቼ ነቀልኩት። የላላ ስፒና እሳት ያስነሳል፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ቶሎ መላላት አልነበረበትም። አሁን ለብቻው የሚሸጥ እግር እየፈለግኩ ነው። እስካገኝ ድረስ በባለ ሁለት እግሩ ቤት ውስጥ ብቻ እጠቀምበታለሁ።