ዘጠኝ ወር ከፋይበር ጋር፦ የእናቴ ስልክ ነገር

አራት ኪሎ ወዳለው ቤታችን የፋይበር ኢንተርኔት፣ ያ በቀጭን የመስታወት ክር የሚመጣው፣ ከገባ ዘጠኝ ወር ሆነው። ስለ ፍጥነቱ ብዙ አልልም፤ ልጆቹ ፊልም ያያሉ፣ እኔም ከቤት እሠራለሁ፣ ዋይፋይ ተጣበበብኝ የሚል የለም። እኔን ያማረረኝ መብራት በጠፋ ቁጥር የእናቴ ስልክ አብሮ መሞቱ ነው።

እናቴ ሞባይል አትወድም። የእርሷ ስልክ ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ነው፤ ደሴ ያለችው እኅቷ ማታ ማታ የምትደውልላት በእርሱ ነው። በድሮው የመዳብ ሽቦ መስመር ጊዜ ሰፈሩ ቢጨልምም ይጮኽ ነበር፤ ኤሌክትሪኩን፣ 48 ቮልት ገደማ፣ ከስልክ ማዕከሉ የሚያገኘው በዚያው ሽቦ ነበርና። ፋይበር የሚያመጣው ብርሃን ነው፣ ኤሌክትሪክ አያመጣም። ሊገጥም የመጣው ልጅ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቅሎ በመብራት የሚሠራው አዲሱ የፋይበር ሞደም ጀርባ ሰካና «እማማ፣ ከእንግዲህ ድምፁ ይጠራልዎታል» አላት። አልዋሸም፣ ይጠራል። መብራት እስካለ ድረስ።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት መብራት ሄደ። እናቴ በሻማ እየተመራች ሄዳ እጀታውን አነሣች፤ ጆሮዋ ላይ ጥቂት አቆየችውና «ዝም አለ እኮ» ብላ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ዳንቴሉንም መልሳ አለበሰችው።

ፋይበሩን የሸጠልኝ ሰው «የድሮው ሞደምም ያለ መብራት አይሠራም ነበር» ይለኝ ይሆናል። ኢንተርኔቱማ አይሠራም ነበር፣ አውቃለሁ። እኔ የምልህ ስለ ስልኩ ነው! ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ሜጋ ቢት፣ ግማሽ ሰዓት ስታስረዳኝ ይህችን አንዲት ነገር ጣል ብታደርግ ምን ነበረበት?

ወደ መዳቡ እንዳልመለስ፣ የመዳብ ኢንተርኔት ከማዕከሉ በራቁ መጠን ይደክማል፤ የእኛማ ክረምት በመጣ ቁጥር ያንኮራፋ ነበር። ሲም የሚገባበትን የ4ጂ ራውተርም ሞክሬዋለሁ። ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም አይደነግጥም፤ ግን ማታ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ የሞባይል ኔትወርክ ማማ ላይ ሲንጠለጠል አንድ ፎቶ ለመላክ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

በመጨረሻ ለሞደሙ የሚሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ገዛሁ። በመንገድ ላይ ያለው የፋይበር መከፋፈያ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ፣ የቤቱ ሞደም ከበራ መስመሩም አለ። ትናንት ማታ መብራት በጠፋ በአሥር ደቂቃው ስልኩ ጮኸ። እናቴ ለእኅቷ «ልጄ አሠራው» ስትል ሰማሁ። የባትሪውን ደረሰኝ አስቀምጬዋለሁ፣ ሻጩ ከፈለገው።