«የ1923 ኦሪጅናል ባውሃውስ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገንዘብ አትላኩ

ጀርመን ያላችሁ ዲዛይነሮች፣ የድሮ መጽሐፍ የምትሰበስቡም፣ ይቺን አንብቡ። በፈረንጆች 1923 ቫይማር ላይ ባውሃውስ የሚባለው የጀርመን የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ስለራሱ ያሳተመውን መጽሐፍ «ኦሪጅናል» ብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው አለ። እኔ ጋ የደረሰው የ1980ው ዳግም ህትመት ነው። ያስከፈለኝ ግን የኦሪጅናሉን ዋጋ።

መጽሐፉ ለምን እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። ሽፋኑ ላይ ያሉትን ቀይና ሰማያዊ ፊደላት የሠራው ያኔ ገና ተማሪ የነበረው ኸርበርት ባየር ነው፣ የውስጡን ገጽ ያቀናበረው ደግሞ የትምህርት ቤቱ መምህር ሞሆሊ ናጊ። በጀርመንኛ የታተመው 2,000 ቅጂ ብቻ ስለሆነ አንድ ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም። ዳግም ህትመቱ በራሱ ምንም አይወጣለትም፤ የ2019ኙም ቢሆን ለመማሪያ ግሩም ነው። ነውሩ አሮጌ አስመስሎ መሸጡ ላይ ነው።

ሰውዬው ያደረገውን ስሙ። የዳግም ህትመቱ ዓመትና አሳታሚ ያለበትን ቅጠል በምላጭ ቆርጦ አውጥቶታል፣ መጽሐፉን ሰፋ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ከስፌቱ ጋር የቀረው ቀጭን ጠርዝ ይታያል። ወረቀቱን የሐሰት ብር በሚለዩበት ሰማያዊ መብራት ሳየው ደምቆ አበራ። ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል በሰፊው የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ የ1923 ወረቀት እንደዚያ ሊያበራ አይችልም። ይህን ጽፌለት «የግል ሻጭ ነኝ፣ መመለስ የለም» አለኝ።

እሱን እንዳታምኑት። የግል ሻጭ በ14 ቀን ውስጥ ያለምክንያት መልሶ የመቀበል ግዴታ የለበትም፣ እውነት ነው። ግን «የ1923 ኦሪጅናል» ብሎ በጽሑፍ ካስተዋወቀ በኋላ «መመለስ የለም» በምትል አንዲት መስመር ከኃላፊነት አያመልጥም። ስለዚህ ማስታወቂያው ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሱ፣ እኔም የያዝኩት እሱን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የሽፋን ፎቶ ብቻ ካሳያችሁ የርዕስ ገጹን፣ የመጨረሻዎቹን ገጾችና ባለቀለም ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። ሥዕሎቹን እየነቀሉ ለየብቻ የሚሸጡም ስላሉ ኦሪጅናል የሆነውም ቢሆን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። በፔይፓል «ለጓደኛ» በሚለው ላኩልኝ ካላችሁ ደግሞ እዚያው ተዉት፣ በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም።

ማስታወቂያው ዛሬም በዚያው ፎቶ ወጥቷል።