የጋሪ ባለቤቶች፣ እስሩን ሳትፈቱ ለድርቆሽ ብር እንዳትቆጥሩ!

ባሕር ዳር ፈረስ ያላችሁ፣ በተለይ ጋሪ የምትነዱ፣ ይቺን አንብቧት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ነጋዴ አይሱዙ ሙሉ ድርቆሽ ጭኖ ሰፈራችን መጣ። ከሌላው ቀነስ አድርጎ ስለጠራልኝ 40 እስር አራገፍኩ። ላዩ አረንጓዴ ነው፣ ያስጎመጃል። «የዘንድሮ ነው፣ በደንብ ደርቆ የታሰረ» አለኝ። አመንኩትና ሙሉውን ከፈልኩ። የአንዱን እስር ሲባጎ እንኳ አልበጠስኩም፤ እሱ የኔው ጥፋት ነው።

በማግስቱ ስፈታው መሐሉ ግራጫ። እጄን ብሰድበት ይሞቃል። አንዱን ክፋይ አንስቼ ሳራግፈው እንደ ዱቄት ቦነነና እኔኑ አስነጠሰኝ፤ ሽታው የከረመ እርጥብ ጆንያ። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ብር ወጥቶበታል ብዬ ከላይ ከላዩ እየመረጥኩ ለፈረሴ ለዳማ ሰጠሁት። (አትሳቁብኝ።)

በአሥር ቀኑ ዳማ ማሳል ጀመረ። ትኩሳት የለውም፣ መብላቱንም አልተወም፤ ግን ቆሞ እንኳ አፍንጫውን ይነፋል፣ ትንፋሹን ሆዱን እየገፋ ነው የሚያስወጣው። አንዱ «ሳንባ ነው» ብሎ ቴራማይሲን ወጋልኝ። ብር ጨመርኩ እንጂ ምንም አልለወጠም። በኋላ ያመጣኋት የእንስሳት ሐኪም ከፈረሱ በፊት ድርቆሹን አሳየኝ አለች። አለርጂ ነው፤ የሻጋታው ብናኝ የመተንፈሻ ቧንቧውን ያጠበዋል። ሣር እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ እያለ ከታሰረ መሐሉ ይግላል፣ ይሻግታል። አንዴ አለርጂው የያዘው ፈረስ ደግሞ አቧራ ባገኘው ቁጥር ያገረሽበታል አለችኝ።

(ሐይቁ ዳር ያላችሁ፣ ጋማና ጭራውን እያሻሸ የሚልጠው ሌላ ነው፤ እሱ ንጋትና ምሽት ላይ የምትነድፈው ደቃቅ ትንኝ አለርጂ ነው።)

ዳማን ከጋጣው አውጥቼ ደጅ አሳደርኩት፣ ጋሪውንም አቆምኩ። አሁን ደህናውን ድርቆሽ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ እንደረጠበ፣ መሬት ላይ ነው የማበላው፤ አንገቱን ሲደፋ ንፍጡ ይወርድለታል። የተነከረው ካደረ ይበላሻል፤ የተረፈውን ጣሉት። የሻገተውን ግን መንከር አያድነውም፣ ለላምም እንዳትሰጡት።

ስትገዙ ከመሐል ያለውን እስር እናንተ ምረጡ፣ እዚያው አስፈቱት፣ እጃችሁን ክተቱ፣ አሽትቱ። «ከተፈታ አልመልስም» ካለ ይሂድ።

ትናንት ዓባይ ማዶ አንድ አይሱዙ ድርቆሽ ጭኖ ቆሞ አየሁ። ሰውዬው ያው ይሁን ሌላ አልለየሁትም፤ ላዩ ግን አረንጓዴ ነው።