ለአይኦቲ የቁልፍ ቃላት ካርታ የትኛው ይሻላል? ቮስቪወር፣ ሳይትስፔስ ወይስ ቢብሊዮሻይኒ

«የአይኦቲ ጥናት ወዴት እያመራ እንደሆነ በቁልፍ ቃላት ላሳይ ነው፤ የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» ጓደኞቼ ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። አይኦቲ (ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ) ዕቃዎችና መሣሪያዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ቴክኖሎጂ ነው፤ የቁልፍ ቃላት ካርታ ደግሞ በጥናት ጽሑፎች አብረው የሚወጡ ቃላትን በክብና በመስመር አያይዞ የሚያሳይ ሥዕል ነው። መልሴ አንድ ነው፦ ምንም አትግዙ፤ ቮስቪወርን በነፃ አውርዱ።

ይህን የምለው ገንዘብ ከስሬበት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሻጭ «ሙሉው ስሪት» ብሎ ቮስቪወርን ሸጠልኝ። ኋላ ሳጣራ፣ የላይደን ዩኒቨርሲቲዎቹ ኒስ ያን ቫን ኤክና ሉዶ ዋልትማን ለማንም በነፃ የሚሰጡት ያው ፕሮግራም ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም ያረጀው ስሪት። ሙሉና ጎዶሎ ብሎ ነገር የለውም። ከራሳቸው ገጽ ውጭ አታውርዱ።

የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲው ቻውሜይ ቼን የሠሩት ሳይትስፔስ ግን በእርግጥም ሁለት ዓይነት ነው። መሠረታዊው ነፃ ነው፤ የላቀው ይከፈልበታል። ድንገት የተጧጧፉ ቃላትን ነቅሶ ማውጣት ይችልበታል። ችግሩ ቅንብሩ መብዛቱ ነው። የዓመት ክፍፍሉን ስትቀይሩ ካርታውም ይቀየራል፤ ለገምጋሚ ማስረዳቱ ያደክማል። ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ብላችሁ አትክፈሉበት።

ቢብሊዮሻይኒም ነፃ ነው። አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጫን ይጠይቃል እንጂ ኮድ አያስጽፍም፤ ብራውዘር ላይ ይከፈታል። እኔ ሁለተኛ አድርጌ እይዘዋለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዋናው ወጪ መረጃው ነው። የጽሑፎቹ መረጃ የሚወርድባቸው ማውጫዎች፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ውድ ናቸው፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ ተቋም ነው። ለአይኦቲ እኔ ስኮፐስን እመርጣለሁ። የዘርፉ ብዙ ሥራ በጉባኤ ጽሑፍ ነው የሚወጣው። በዌብ ኦፍ ሳይንስ የጉባኤ ማውጫው ራሱን የቻለ ክፍል ስለሆነ፣ ተቋማችሁ ካልከፈለበት ካርታችሁ ጎደሎ ይሆናል። ከነማጣቀሻው ስታወርዱም በአንድ ጊዜ ከ500 ጽሑፍ በላይ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው ሌላው ማውጫ፣ ኦፕንአሌክስ፣ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ ቃላቱን የሚመድበው ማሽን ነው። እኛ የምንፈልገው ተመራማሪው ራሱ የጻፈውን ቃል ነው።

ትልቁ ጣጣ ቃላቱን ማጥራቱ ላይ ነው። የመጀመሪያ ካርታዬ ላይ «አይኦቲ» አንድ ክብ፣ «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ» ሌላ ክብ፣ በሰረዝ የተያያዘው ሦስተኛ፣ አሕጽሮቱን በቅንፍ ያስከተለው አራተኛ ሆነው ወጡ። «ዋየርለስ ሴንሰር ኔትወርክ»ም በነጠላና በብዙ ቁጥር ለሁለት ተከፍሏል። መፍትሔው ቀላል የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በግራ የተዛባው ቃል፣ በቀኝ የሚተካው፣ መሃላቸው ታብ። ቮስቪወር ይህን ፋይል ይቀበላል። እኔ ሳምንት ሙሉ ሠርቼበታለሁ፤ ከካርታው ሥራ ሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው። ከዚያ «አይኦቲ» የሚለውን ራሱን አውጡት። ጽሑፎቹን የፈለጋችሁት በሱ ስለሆነ ከሁሉም ቃል ጋር ይተሳሰርና ሌላውን ይሸፍንባችኋል። የወረደውን ፋይል ደግሞ ኤክሴል ውስጥ ከፍታችሁ መልሳችሁ አታስቀምጡት። የኔ ፋይል እንዲያ ተበላሽቶብኝ እንደገና ከዜሮ ጀምሬአለሁ።

ቢብሊዮሻይኒን ለምን እንደምጨምር ልንገራችሁ። ቮስቪወር ቃላቱን በዘመን ለይቶ ቀለም ሲቀባ የሚከተለው ቃሉ የታየባቸውን ዓመታት አማካይ ነው። «አርኤፍአይዲ» (ዕቃን በሬዲዮ ሞገድ የሚለየው ቴክኖሎጂ) የቀድሞዎቹን ቀለም፣ «ብሎክቼይን» የቅርቦቹን ቢይዝ ያስኬዳል። «ሴኪዩሪቲ» ግን ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ስላለ አማካዩ መሃል ላይ ይወድቃል። በየዓመቱ እየጨመረ ቢሆንም ያለፈበት ይመስላል። ይህን ሳላውቅ «ፍላጎቱ ቀዝቅዟል» ብዬ ጽፌ አማካሪዬ መልሶልኛል። ቢብሊዮሻይኒ አንድ ቃል በብዛት የታየው ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነ በመስመር ያሳያል። እናም ካርታውን በቮስቪወር ሥሩ፤ ስለ ዓመታት ከመጻፋችሁ በፊት ግን ያንን መስመር እዩ። ያላለቀውን የዘንድሮ ዓመት ደግሞ ከሁለቱም አስወጡ።