ጠቅላላ ፕሮቲን ወይስ አልቡሚን? የቱ የበለጠ ይናገራል?

የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ። ጠቅላላ ፕሮቲን በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ሁሉ አንድ ላይ ይለካል። በአዋቂ ሰው ከ6 እስከ 8.3 ግራም በዴሲሊትር አካባቢ ይጠበቃል። አልቡሚን ግን ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን ነው፤ ከ3.5 እስከ 5 ገደማ። ላብራቶሪዎች ትንሽ ስለሚለያዩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መጠን እዩ።

ጠቅላላው ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በመተማና በሁመራ ቆላ የሚታወቀውን፣ በጥገኛ ተውሳክ የሚመጣውን የካላዛር በሽታ እንውሰድ። የታማሚው አልቡሚን ይወርዳል። ሰውነቱ ደግሞ ግሎቡሊን የሚባሉትን፣ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉባቸውን ፕሮቲኖች በብዛት ያመርታል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላዋል፤ ድምሩም ጤነኛ ይመስላል። ለምሳሌ ጠቅላላው 7.5፣ አልቡሚኑ 2.5 ቢሆን ቀሪው 5 ግሎቡሊን ነው። ይህ ከፍተኛ ነው፤ መንስኤው መጣራት አለበት። "ፕሮቲንህ ኖርማል ነው" ተብሎ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ቤቱ ቢላክ በጣም ያሳስበኛል።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው አልቡሚንን ነው። እግር ሲያብጥ፣ ሽንት አረፋ ሲበዛበት፣ ጉበት ሲጠረጠር ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ግን ዝቅ አለ ማለት ምግብ ጎደለ ማለት ብቻ አይደለም። ኢንፌክሽንም ያወርደዋል፤ ኩላሊትም በሽንት ሊያፈሰው ይችላል። ያኔ እንቁላልና ሥጋ መጨመር ብቻውን አያስተካክለውም።

ውሃ ያነሰው ሰው ላይ ደግሞ ሁለቱም ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከነበረባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።